«ሰባት ተብሎ ይጻፍ»

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ነው የሚቀርበው፤ ስለዚህ ወረቀት ይዘን ስለቆምን አትሳቀቁ። ኮሚቴው የሰጠን ርእስ ሌላ ነው። ባለፈው ኅዳር በታላቁ ሩጫ ላይ ለምርመራ መደጋገፊያ ሣጥናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሮጥነው ሩጫ እንድንናገር ታዘናል። የሒሳብ ክፍል ሲናገር ግን ቁጥር መግባቱ አይቀርም፣ ታገሡን። ክፍሉ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም «እኛ» ማለት ለምደናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ስለ እሷ የምንናገርላት እህታችን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። የዛሬውን ንግግር ከትናንት በስቲያ አንብበንላት ሁለት ቦታ ላይ አርማናለች። ስሟ እንዳይጠራ ጠይቃናለች። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ደግሞ ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጓት።

ብዙዎቻችሁ እንጀራዋን በልታችኋል። ለዓመታት ራሷን ያማት ነበር። አንዴ «ሳይነስ ነው» ተባለ፣ አንዴ «የዓይን ነው» ተብሎ መነጽር ገዛች፣ አንዴ ደግሞ እኛው ራሳችን «ጭሱ ነው፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ ግዢ» ብለን ከብድር ሣጥኑ አበደርናት። ምጣዱ ጥሩ ምጣድ ነው፤ ራስ ምታቱ ግን አልሄደም።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ወርሃዊ ስብሰባችን ላይ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ ግራ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲኒው ወደቀ፣ እሷም ወደቀች። ያን ቀን ያደረግነውን ዛሬ በግልጽ እንናገራለን፣ ምክንያቱም የተማርነው ካጠፋን በኋላ ነው። አንዳችን ክብሪት ጭረን አፍንጫዋ ሥር ያዝን። አንዳችን ማንኪያ በጥርሷ መካከል ለማስገባት ታገልን። ሁለታችን እጅና እግሯን ጨብጠን ተጫንናት። የቀረነው ጮኽን። ማንኪያው ድዷን አቆሰለው፤ ክብሪቱ ከንፈሯን ሊያቃጥላት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ኋላ ነርሷ ስታስረዳን አፍረን ነበር የሰማናት። የሚንቀጠቀጥ ሰው አይያዝም፣ አፉ ውስጥም ምንም አይገባም፣ ክብሪትም አይጫርለትም። የሚያቆስል ዕቃ ከአጠገቡ ይነሣል፤ ራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት ይደረጋል፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ይተኛል። ሰዓት ይታያል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ይህን ወረቀት ላይ አትመን ከጀበናው መደርደሪያ በላይ ለጥፈነዋል። ያላነበባችሁ ስትወጡ አንብቡት። በየቤታችን ክብሪት አለ፣ ይህ ወረቀት ግን የለም።

ኤም አር አይ ተነሣች። ዕጢ ተገኘባት። ስሙ ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ ከራሱ ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎልን ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው የሚነሣው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የእሷ የባቄላ ፍሬ ያክላል። የተቀመጠው በቀኝ በኩል፣ ግራ እጇን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል አጠገብ ነው። ቀዶ ጥገናው በዚያ ቦታ የራሱ አደጋ ስላለው፣ ሐኪሞቿ ለጊዜው በመድኃኒትና በክትትል መቆየትን መረጡ። በየጊዜው ኤም አር አይ ትነሣለች፤ ካደገ ያን ጊዜ ይወሰናል።

አሁን እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። «ካንሰር አይደለም» ሲባል ግማሾቻችን እልል ብለን «እንግዲህ ምንም የለብሽም» አልናት። ግማሾቻችን ደግሞ «አንጎል» የሚለውን ቃል ሰምተን ከእሷ ተደብቀን ማልቀስ ጀመርን። እሷ በኋላ እንደነገረችን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር፤ ከሁለታችንም ጋር ማውራት አልቻለችም። ምንም የሌለባት ሰው ጠዋትና ማታ ክኒን አትውጥም፣ ሞቃት ምጣድ ላይ ብቻዋን እንዳትቆም አትከለከልም። የምትሞት ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ወር የጤፍ ዋጋ አትከራከርም። እሷ ሁለቱንም ታደርጋለች፣ በጤፍ ዋጋ ክርክር እንኳ ማን ይችላታል!

ምጣዱን በተመለከተ ያደረግነው ይህ ነው። ከአባላት አንዷ ከእሷ ጋር ተቀናጅታ ትጋግራለች፤ እሷ ታቦካለች፣ ትቆጥራለች፣ ለደንበኛ ታደርሳለች። ትርፉን እኩል ይካፈላሉ። መጀመሪያ ላይ ተጣልተዋል፣ አሁን ይስማማሉ፤ ከዚህ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም።

ስለ ጸበሉም እንድንናገር ፈቅዳልናለች። እናቷ ጸበል ወሰዷት፤ መውሰዳቸው ደግ ነው። እሷ ግን «በሁለት ልብ አይሆንም» ብላ ክኒኗን አቆመች፤ በሦስተኛው ሌሊት ጣላት። የጸበሉ አባት ሲሰሙ ተቆጧት። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» አሏት። ሐኪሟ ከዚህ ሌላ የነገራት ነገር የለም፤ መድኃኒት በድንገት ማቆም ከሁሉ የከፋው ነው።

ወደ ሩጫው እንምጣ። በሰፈራችን ቁጥር የተለጠፈበት ካናቴራ የተለበሰበት ሩጫ ሁሉ «ማራቶን» ነው የሚባለው። ማራቶን እንኳ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። በ1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፤ ዛሬ ስንት እጥፍ እንደሆነ ከመሐሉ ገብቶ የተጋፋ ያውቀዋል። ለእኛ ግን፣ ለአብዛኞቻችን ትልቁ ሩጫ ታክሲ ላይ መሻማት ለሆነ፣ አሥሩ ማራቶን ነበር።

ሐሳቡ የእሷ ነው። «ሣጥኑ ባዶ ነው፤ እኔ የተነሣሁት ከሣጥኑ በተሰጠኝ ገንዘብ ነው፤ የሚቀጥሉት ሁለት ሰዎች በምን ይነሣሉ? ልሩጥ፣ ሰዉ በኪሎ ሜትር ቃል ይግባ» አለች። እኛ ደነገጥን፤ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንሮጥልሻለን» አልን። እሷም «ዕጢው ያለው ጭንቅላቴ ላይ ነው፣ እግሬ ላይ አይደለም» አለች። ሐኪሟን ጠየቅን። ሩጫ እንደማይከለክላት ነገረን፤ ነገር ግን ብቻዋን እንዳትሮጥ፣ ክኒኗን እንዳታሳልፍ፣ እንቅልፍ እንዳታጣ፣ ውኃ እንድትጠጣ፣ ምልክቱ ከመጣ ወዲያው እንድትቆም። ምልክቱ የግራ እጇ ጣቶች መጠዝጠዝ ነው። እሷ በሕዝብ መሐል «ሊጥለኝ ነው» ማለት ስለማትፈልግ ሚስጥራዊ ቃል ተስማማን፤ «ቡና» ካለች ሁላችንም እንቆማለን።

ከዚያ የበራሪ ወረቀቱ ጠብ መጣ። ይህን ደጋፊዎቻችን እንድትሰሙት እንፈልጋለን። ወረቀቱን ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን «የአንጎል ካንሰር ታማሚ እህታችን ትሮጣለች» ተብሎ ይጻፍ አልን። ውሸት መሆኑን እያወቅን ነው ያልነው። «ዕጢ» ብለን ስንነግራቸው ሰዎች «ካንሰር ካልሆነማ» ብለው ኪሳቸውን ይዘጉ ነበር፤ ካንሰር ሲባል ግን ሰው ይሰጣል። ፎቶም ተመረጠ፤ ያመማት ቀን የተነሣችው፣ ነጠላ ተከናንባ፣ ዓይኗ የገባበት። ሒሳብ ክፍሉም ያን ቀን ዝም ብሏል። ዝምታችን በቃለ ጉባኤ አልተጻፈም እንጂ ነበር።

እሷ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ስክሪብቶ ጠየቀች። «ካንሰር» የሚለውን ሰረዘች። ፎቶው ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገች። «በዚህ ገንዘብ ከሰበሰባችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሳልሞት ሲያዩኝ ምን ልትሏቸው ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ እሷው ተናገረች፣ እኛ ጻፍን፦ «ካንሰር ያልሆነ የአንጎል ዕጢ አለብኝ። አንዳንዴ ይጥለኛል። በመድኃኒትና በክትትል እኖራለሁ፤ ክትትሉ ውድ ነው። የምሮጠው እንደ እኔ ምርመራ ለሚያስፈልጋቸው አባላት ነው።» ፎቶው እየሳቀች ያለችበት ሆነ። 64 ሰዎች ቃል ገቡ፤ በኪሎ ሜትር በድምሩ 3,150 ብር። በካንሰሩ ወረቀት ምን ያህል እንደሚገኝ አናውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ሳይበልጥ አይቀርም።

ልምምዱ ጃን ሜዳ ነበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ካሸነፈችበት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ አገር ሴት ሩጫ ታውቃለች ይባላል፤ እኛ እናቶች ግን በነጠላ ጫማ የመጣንም አለን። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዙር ሳንጨርስ ጎናችንን ይዘን ቆምን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ያን ቀን በሳንባችን አወቅን። ከሁላችን የተሻለችው እሷ ነበረች፤ ለዓመታት እንጀራ በእግሯ ስታደርስ የኖረች ናት። ከእኛ ጋር ለመሆን ስትል ቀስ ትል ነበር፤ እኛ ግን እሷን እየጠበቅን የምንሮጥ ይመስለን ነበር።

የሩጫው ዕለት መስቀል አደባባይ ያየ ያውቀዋል። ቀለሙ፣ ሙዚቃው፣ ጭፈራው። መነሻው ከተተኮሰ በኋላ መነሻው መስመር ጋ ለመድረስ ብቻ ብዙ ደቂቃ ተራመድን። ስድስት ሆነን በዙሪያዋ ነበርን። አንዷ ክኒኗንና ውኃዋን፣ አንዷ ጃኬት፣ አንዷ ሰዓት ይዘናል። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እየዘፈነች ነበር። ስድስተኛው ላይ አንዲት ትልቅ እናታችን ስለደከሙ ቆመን አሳረፍናቸው። «ታማሚዋ ማን ናት?» አለቻቸው፤ እሳቸውም «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ሬሳዬም ቢሆን ይደርሳል» አሏት። ሳቅን።

ሰባተኛውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ምልክት አልፈን ብዙ ሳንርቅ «ቡና» አለች።

መጀመሪያ የምሯን ቡና ያማራት የመሰላት አንዷ «ስንጨርስ እናፈላለን» አለች፤ እንዲህም ሆኖ ነበር። ከዚያ ግራ እጇን አየን። ከሕዝቡ መሐል ወደ መንገዱ ዳር አወጣናት፣ ጃኬቱን ዘርግተን አስቀመጥናት። ማንም አልጮኸም። ማንም ክብሪት አልጫረም። አንድ ልጅ ክብሪት ይዞ ሮጦ መጣ፣ አመስግነን መለስነው። ሰዓት ያዢዋ ጮክ ብላ ቆጠረች። እጇ ብቻ ነበር፣ ወደ ሌላው አካሏ አልተላለፈም፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ስማችንን ስንጠይቃት ሁላችንንም ጠራች። የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪዎች መጥተው አዩዋት። አጠገባችን የነበረች ሻይ ቤት ባለቤት ወንበር አውጥተው ሻይ ሰጡን፤ ገንዘብ አልተቀበሉንም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የቀረው። የሚፈትነው ይህ ነበር። አንዳችን «በዝግታ ብንራመደውስ?» አልን። ሌላዋ ደግሞ፣ ይቅር ይበለንና፣ «ቁጥሯን ለእኔ ስጪኝ፣ ለብሼው ልግባ፤ በአሥር ተቆጥሮ ይገባላታል» አለች። በክፋት አይደለም፤ 3,150 ብር በኪሎ ሜትር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት 9,450 ብር ነው። በሣጥናችን ይህ ቀላል አይደለም።

እሷ ቁጥሩን ከደረቷ ነቅላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ቡና ስል ይቆማል ተባብለናል። ቆሜያለሁ። ሰባት ተብሎ ይጻፍ» አለች። በኋላ ቤት ስንገባ ብቻዋን አልቅሳለች፤ ይህን እንድንናገር ያዘዘችን እሷ ናት፣ ጀግና እንዳናስመስላት።

መንገዶቹ ሁሉ ተዘግተው ስለነበር ታክሲ ለማግኘት ብዙ ሄድን። ከሩጫው ይልቅ ያደከመን እሱ ነው። እናታችን እንዳሉት ደርሰዋል፣ ሜዳልያም አግኝተዋል። ከሮጡት መካከል አንዷ ለእሷም አንድ ሜዳልያ ተማጽና አምጥታ ነበር፤ «የእኔ አይደለም» ብላ አልወሰደችውም። ቢሮ ውስጥ ከደረሰኝ ቁም ሣጥኑ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ የማንም አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቃል ለገቡት 64 ሰዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፍን። «እህታችን 7 ኪሎ ሜትር ሮጣለች፤ ሕመሟ ምልክት ስላሳየ በራሷ ውሳኔ አቁማለች፤ ደህና ናት። የምትከፍሉት በሰባት ነው» አልን። ከኮሚቴው «ለምን እንጽፋለን፣ ማን ቆጠረ?» ያለ ነበር። እኛ ቆጥረናል፤ ሥራችን ነው።

ውጤቱ ይህ ነው። ከ64ቱ 51 ሰዎች ከፍለዋል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ደብዳቤውን አንብበው በአሥር ከፈሉ። ሌሎቹ በሰባት ከፈሉ፤ እነሱንም ከልብ እናመሰግናለን፣ ቃላቸው ያ ነበር። በጠቅላላው 24,200 ብር ገባ። ከዚህ ውስጥ 18,200 ብር በኪሎ ሜትር ቃል ኪዳን ተመዝግቧል፤ ከሰባት በላይ የተከፈለው 6,000 ብር ደግሞ በሌላ መስመር «ስጦታ» ተብሎ ገብቷል። ያልተሮጠ ኪሎ ሜትር በሩጫ ስም አልገባም። እትዬ አንዷ «ሦስቱን ኪሎ ሜትር እኛ ጃን ሜዳ ተራምደን እናሟላው» ብለው ነበር፤ ተራምደንላቸዋል፣ ደስ ብሎናል፣ ግን መዝገቡ ላይ አላስገባነውም። ለማባዣና ለደረሰኝ ጥራዝ 1,150 ብር ወጥቷል። የሩጫውን መመዝገቢያ እያንዳንዳችን ከኪሳችን ከፍለናል። በቀረው 23,050 ብር የሁለት አባላት ምርመራ በከፊል ተሸፍኗል፤ አንዷ ውጤቷ ደህና ነው፣ አንዷ ክትትል ጀምራለች። 13 ሰዎች እስካሁን አልከፈሉም። ስም አንጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ ግን እዚህ ናችሁ፣ ጠረጴዛው ከበሩ በስተቀኝ ነው።

አንድ በአሥር የከፈሉ ባለ ሱቅ ገንዘቡን ሲያመጡ «ቆማ ቆምኩ ያለች ሰው ካለች፣ ገንዘቤ የት እንደሚገባ አውቃለሁ» ብለውናል። በዚህ ዓመትም ቃል ገብተዋል።

ክኒኗ መጠኑ ትንሽ ጨምሯል፤ ከዚያ ወዲህ አልጣላትም። ባለፈው ጊዜ የተነሣችው ዕጢው እንዳላደገ አሳይቷል። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ በመጋቢት ነው። ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ድምፁ ያስፈራል፣ ውጤቱን መጠበቅ ደግሞ ከማሽኑ ይብሳል፤ ብቻዋን እንዳትሄድ የተራ መዝገብ ከፍተናል። ለምርመራው ቀን ሰው አለ። ውጤት ለሚቀበሉበት ማክሰኞ ግን መስመሩ እስካሁን ባዶ ነው። መዝገቡ እዚሁ በእጃችን ነው፤ ሻይ ከመቀዳቱ በፊት ነፃ የሆነች ስሟን ታስመዝግብ።